ተዋጊ ወይስ ቅጣት ከፋይ?

ዛሬ ከጎረቤቴ ጋር ሃሪስበርግ፣ የአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ቤተ መዛግብት ዋልን። ሰውዬው ዘሩን ፍለጋ ላይ ነው። «ከጀርመን የመጣው አያታችን የቅኝ ግዛቱ ሚሊሻ ነበር» ሲባል ነው ያደገው።

የጀርመኖቹ ነገር ግርም ይላል። ከ1727 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ፊላደልፊያ የደረሱ ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን ቃል ገብተው ይፈርሙ ነበር። መጻፍ የማይችለውን እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆሮው እንደሰማ ይጽፍለታል። በዚያ ላይ ወንድማማቾቹ ሁሉ ዮሐን! ዮሐን ጆርጅ፣ ዮሐን ፒተር፣ ዮሐን ያኮብ። ቤት ውስጥ የሚጠሩት በሁለተኛው ነው። እኔ ደግሞ በስም ፈረንጅ የምናደናግር እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሚሊሻውም እንደ ቤተሰቡ ወሬ አይደለም። ጦርነትን የሚቃወሙት ክርስቲያኖች፣ ኩዌከሮች፣ ምክር ቤቱን በያዙበት ዘመን ፔንሲልቬንያ አስገዳጅ ሚሊሻ አልነበራትም። በ1747 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያሰባሰበው ጦር እንኳ የፈቃደኞች ነው። ግዴታው የመጣው በ1777፣ ከአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በኋላ ነው። ከ18 እስከ 53 ዓመት ያለ ነጭ ወንድ ይመዘገባል፤ ልምምድ የቀረ ይቀጣል። ስሙ መዝገብ ላይ ስላለ ብቻ ተዋግቷል ማለት አይቻልም።

የአያትየው ስም ያለበት የሚሊሻ መዝገብ ካርድ ተገኘ። ስም፣ የሻምበሉ ስም፣ ካውንቲ፤ በቃ። ዕድሜ የለ፣ የአባት ስም የለ። እዚያው ካውንቲ ደግሞ ያው ስም ያለው ሰው ቅጣት ከፍሏል። ጎረቤቴ ወዲያው ተዋጊውን መረጠ። እኔ ግን ገበሬ አዝመራውን ጥሎ ከሚሄድ ቢከፍል ይሻለዋል ባይ ነኝ። የሚለይልን የግብር መዝገብና የጥምቀት መዝገብ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንመለሳለን።