ሲሞቅ የሚጠፋው ቮልስ

ከአባቴ የወረስኩት የ1967 ሞዴል ቮልስ፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሥቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ሲሞቅ ለምን እንደሚጠፋ ለማወቅ ዛሬ ሙሉ ቀኔን በግቢያችን አሳለፍኩ። ጥፋቱን መጀመሪያ በቤንዚን ላይ አሳብቤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ሁለት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩ፤ ትርፉ ምሳዬን ቤንዚን ቤንዚን በሚሸት እጅ መብላት ብቻ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩ እንደገና ሲጠፋ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱን አውጥቼ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካሁና ታናሽ ወንድሜ ቁልፉን እንዲያዞር አደረግኩ። ደማቅ ሰማያዊ መሆን የነበረበት ብልጭታ ቀጭንና ቢጫ ሆኖ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይታይ ቀረ። ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ከፍቼ ፑንቲናውን፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሣውን መገናኛ፣ ስመለከት፣ አንዱ ፊቱ ጎድጉዶ በሌላው ላይ ጥቁር ጉብታ በቅሏል። እንዲህ ያለው ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኮንደንሰሩ ነው፤ የደከመ ኮንደንሰር ሲቀዘቅዝ ደህና መስሎ፣ ሲሞቅ ግን ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ መያዝ ያቅተዋል። ይህን እያወቅሁ ወደ ካርቡራተሩ መሮጤ እስካሁን ያናድደኛል።

ሁለቱንም በአዲስ ቀይሬ የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልኩ። ቮልሱ አርባ ደቂቃ ሳይጠፋ ሠራ፤ ሥሩ ያስቀመጥኩት ካርቶን ላይ ግን የዘይት ጠብታ አየሁ፤ እሱን ለነገ አቆይቼዋለሁ።