የአሜሪካ ክር በሐይቅ

ዛሬ ከአክስቴ ልጅ ጋር ከደሴ ወደ ሐይቅ ወርደን ዋልን። ሰውዬው ከአሜሪካ ሲመጣ የሻንጣው ግማሽ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነው፤ እናቱ ጫማና ሽቶ ስትጠብቅ! እዚያ የሚያጠምደው ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። እኛ ጋ ያለው ቆሮሶና አምባዛ ነው።

ክርክራችን በሙሉ በክሩ ላይ ነበር። ተራው ናይለን ይለጠጣል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው አይለጠጥም፤ ዓሣው ገና ሲነካው እጅ ላይ ይሰማል። ግን ውሃ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ሊደር የሚሉት አጭር ክር ይቀጠልለታል፤ እሱም ፍሎሮካርቦን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን 1.42 ገደማ ስለሆነ ከናይለን ይልቅ ለውሃው (1.33) ይቀርባል፤ ዓሣው ቶሎ አይለየውም። ቋጠሮውን ከማጥበቁ በፊት በምራቁ አራሰው። ለካ በደረቁ ሲሳብ ሰበቃው ያሞቀውና ክሩን ያደክመዋል!

ክሩ በሚጠቀለልበት መዘውር፣ ሪል በሚሉት ላይ ግን አልተስማማንም። ከበሮው ራሱ የሚሽከረከረው ዓይነት በአውራ ጣት ካልተገታ ክሩ ይተበተባል። ከበሮው ቆሞ ክሩ የሚፈታበት ለጀማሪ ይሻላል፤ ለቆሮሶማ ይተርፋል።

አጠገባችን አንድ ጋሼ ናይለናቸውን ባዶ ሃይላንድ ላይ ጠቅልለው ያጠምዳሉ። የኛን ዕቃ ገልበጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይኼ ስንት ያወጣል?» አሉ። ዋጋውን ሲሰሙ ዝም ብለው ወደ መንጠቋቸው ዞሩ።

ኮምቦልቻ ላይ ቀጭን ናይለን የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ እስኪ ጠቁሙኝ።