እሳቱ ጠፍቶ ነው ልጁ የወደቀው

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ተጎዳ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ነበልባል ነው፣ ተቃጥሎ ነው? ጣራ ወድቆበት ነው? ምናምን። እኛ ጋ ግን እስካሁን ከባድ የሚባለው ጉዳት የደረሰው "በቃ ጠፍቷል" ተብሎ ግማሹ ሰው ቁጭ ብሎ ስልኩን መነካካት ከጀመረ በኋላ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ቆላ ውስጥ ያለ ጥጥ የሚዳምጥ ፋብሪካ ነው፣ የራሱ ትንሽዬ የእሳት አደጋ ቡድን አለው። እኔ ፓምፕ ላይ ነው የምሠራው፣ መኪናዋ ጋ ሆኜ ውሃውን እቆጣጠራለሁ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውንም በአብዛኛው የማየው እኔ ነኝ።

ጥጥ የማያውቅ ሰው ቦግ ብሎ ነዶ የሚያልቅ ነገር ይመስለዋል። ቦግ ማለቱንስ ይላል፣ ላይ ላዩን ያለው ብናኝ በሰከንድ ነው የሚሄደው። ችግሩ ቤሉ ነው፣ ተጨምቆ የታሰረው የጥጥ ጥቅል። ጥጡ ሲዳመጥ ከማሳ አብሮ የመጣ ጠጠር ወይ የሽቦ ቁራጭ ማሽን ውስጥ ገብቶ ብልጭ ያረጋል፣ ያቺ ብልጭታ ባዘቶው ውስጥ ተሸጉጣ አብራ ትጠቀጠቅና ታስራ መጋዘን ትገባለች። አንዱ ቤል ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል፣ በማሽን የተጨመቀ ስለሆነ ውስጡ በቂ አየር የለም፣ ስለዚህ አይነድም ግን አይጠፋምም፣ ቀስ እያለ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፣ ለቀናት። አንተ ከላይ የምታየው ነጭ ጥጥ ነው። ውሃ ብትለቅበት ላዩን አርሶ ይወርዳል እንጂ ቶሎ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ያለህ አማራጭ ማሰሪያውን ቆርጠህ በመንጠቆ እየዘነጠልክ እሳቱ ያለበት ድረስ ሄደህ ማጠጣት ነው። ይሄ የሰዓታት የጉልበት ሥራ ነው፣ ማንም ቪዲዮ የማይቀርፀው፣ አለቃ የማይቆምበት፣ ሁሉም "ማፅዳት" ብሎ የሚጠራው ሥራ።

መጋቢት ነው፣ ሁዳዴ። እሳቱ የተነሳው ሌሊት ነበር፣ ነበልባሉን ቶሎ ነው የጣልነው፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው የሠሩት ልጆቹ፣ ማስክና ሲሊንደራቸውን አርገው ሁለት ሁለት ሆነው ገብተው ነው የሠሩት። ግን እዚጋ ሒሳቡን እዩልኝ። የእኛ ሲሊንደር 6 ሊትር ነው፣ በ300 ባር ግፊት ሲሞላ 1800 ሊትር አካባቢ አየር ይይዛል። በወረቀት ላይ በደቂቃ 40 ሊትር ተብሎ ይሰላና 45 ደቂቃ ይባላል። ሆዝ እየጎተተ፣ በዛ ሙቀት፣ ከባድ ልብስ ለብሶ የሚሠራ ሰው በደቂቃ 40 ሊትር አይደለም የሚስበው፣ እጥፉን ሊስብ ይችላል፣ ስለዚህ 20፣ 25 ደቂቃ ላይ ፊሽካዋ መጮህ ትጀምራለች፣ ውጣ ማለት ነው፣ 50 ባር ገደማ ነው የቀረህ። ያለን ሲሊንደር በጠቅላላው 8 ነው። መሙያ ኮምፕሬሰር ግቢ ውስጥ የለንም፣ ከተማ ተልኮ ነው የሚሞላው፣ ሌሊት ደግሞ ማን ይከፍትልሃል። ነበልባሉ ሲያልቅ 6ቱ ባዶ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ "ለክፉ ቀን ይቀመጡ" ተባለ።

እና ቤል መዘንጠሉ ሲጀመር ልጆቹ ፊታቸው ላይ ያለው ምንድነው? ያቺ የኮቪድ ማስክ። ብናኝ ትይዛለች፣ እሺ። ጋዝ ግን በሷ በኩል እንደልቡ ነው የሚያልፈው።

አየር አጥሮት የሚጨስ ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመርታል፣ የቤት ከሰል ሰው የሚገድለውም በሱ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው የሚጣበቀው፣ ስለዚህ አየር እየሳብክ ነው፣ ሳንባህ ደህና ነው፣ ግን ደምህ ወንበሩ ሁሉ ተይዞበታል። ይሄን ሁላችንም ስልጠና ላይ ሰምተናል፣ ፈተናም ተፈትነንበታል። የሚገርመው ሰው የሚጠነቀቀው ለጭሱ ነው፣ ጭሱ ሲሳሳ ማስኩም አብሮ ይወልቃል።

ወደ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ከልጆቹ በዕድሜ ትንሹ፣ በጉልበት ግን ትልቁ፣ ሁለት ረድፍ ቤል መሀል ገብቶ ነበር የሚሠራው፣ ጠባብ ነው እዛ፣ ንፋስም አይገባም። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አለ። "ጾም ነው ባክህ፣ ቡና ስላልጠጣህ ነው" አሉት። ትንሽ ቆይቶ አስታወከው፣ የሚወጣ ነገር እንኳን የለም ሆዱ ውስጥ። "ባዶ ሆድ ነው" አሉት። ከዛ መነጫነጭ ጀመረ፣ ያ ልጅ ሰው ሲሰድበው እንኳን የሚስቅ ልጅ ነው፣ በሬዲዮ "ውሃ ቀንስ" ሲለኝ ቀነስኩ፣ ወዲያው "ለምን ቀነስክ" ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔ ደክሞት ነው ብዬ ጨመርኩለት። እዩት እንግዲህ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት፣ ብስጭት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት በሙሉ አንድ በአንድ እየመጣ ነው፣ ሁሉም ግን ጾም የሚያመጣው ነገርም ነው። አንድ ሌሊት ያልተኛ፣ ያልበላ፣ ውሃ ያልቀመሰ ሰው ከዚህ የተለየ ምን ሊሆን ነው ብለህ ታስባለህ?

የነቃው ጋሼ ነው። ጋሼ የምንላቸው ትልቁ ሰውዬ ናቸው፣ ረዥም ዘመን በከተማ እሳት አደጋ ሠርተው ጡረታ ወጥተው ነው እኛ ጋ የመጡት። ከበር ላይ ቆመው "አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ወዲህ" አሉት። "እሺ ጋሼ መጣሁ" አለ፣ አልመጣም፣ ቤሉ ላይ ቁጭ አለ። ደግመው ጠሩት፣ "እሺ ጋሼ መጣሁ" አለ አሁንም፣ ተነሳና ወደ ውስጠኛው ግድግዳ መሄድ ጀመረ። በሩን ስቶታል። ጋሼ እዛው ሆነው ጮኹ፣ "ማንም እንዳይገባ! ያችን ሁለት ሲሊንደር አምጡ!" ሁለት ልጆች ማስክ አርገው ገቡ፣ ሲደርሱበት ወድቋል፣ ጎትተው አወጡት። ይሄን ነገር ሰው አልፎት እንዳይሄድ፣ የወደቀ ጓደኛ አይተህ እንዳለህ ዘለህ ስትገባ ነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰው የሚያልቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ታንከር ውስጥ፣ በየቦታው የምንሰማው ታሪክ ይሄው ነው። ያቺ "ለክፉ ቀን" ተብላ የተቀመጠችው ነገር በዛ በኩል ሠርታለች፣ አልክድም።

ከዛ የሆነው ግርግር በሌላ ቀን ቢሆን ያስቃል። አንዱ ሮጦ ወተት አመጣ። እኛ አገር ኬሚካል ያለበት ሥራ ቦታ ሁሉ መድኃኒቱ ወተት ነው፣ ቀለም ሠሪውም በያጁም ወተት ይሰጠዋል። ልጁ ትንሽ ነቅቷል፣ አፉን ይይዛል፣ "ጾም ነኝ" ይላል፣ እነሱ "ለጤና ነው፣ እግዜር ይቅር ይላል" ብለው ይግቱታል። ኧረ በፈጠራችሁ! ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ጋዙ ያለው ደም ውስጥ ነው። ግማሽ ንቃተ ህሊና ላለው ሰው ደግሞ ማንኛውንም የሚጠጣ ነገር መስጠት ራሱ አደጋ ነው፣ ወደ ሳንባው ቢሄድስ።

ክሊኒክ ወሰድነው። ሲስተር ያቺን ጣት ላይ የምትደረግ የኦክስጅን መለኪያ አረገችለት፣ 98። "ኦክስጅኑ ጥሩ ነው፣ ድካም ነው፣ ግሉኮስ እንስጠውና ይተኛ" አለች። በኮቪድ ጊዜ ይቺን መሣሪያ ሁላችንም ለምደናት የለ፣ 98 ካለች አለቀ ነው። ጋሼ ግን "ልጄ፣ እሷን አትመኚያት፣ ጭስ ቤት የቆየ ሰው ላይ ትዋሻለች" አሏት። ሲስተር ቅር አላት፣ ግን ጎበዝ ናት፣ አልተከራከረችም፣ ሆስፒታል ላለው ዶክተር ደወለች። ዶክተሩ ልክ ናቸው አላት። መሣሪያዋ የምታየው በብርሃን የደሙን ቀለም ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተጣበቀበት ደምም ኦክስጅን እንደያዘው ቀይ ስለሆነ መለየት አትችልም፣ ሰውዬው እየታፈነ 98 ልታሳይ ትችላለች። በል ተባለና ክሊኒኩ የነበረው ኦክስጅን በሙሉ ተከፍቶ በማስክ ተደረገለት፣ እንደዛው ሆኖ በአምቡላንስ ሄደ። በተራ አየር ጋዙ ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ 4፣ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በንፁህ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ወይ ትንሽ ከዛ በላይ ይወርዳል። ልጁ ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማሰብ አልፈልግም።

ሲወጣም ዶክተሩ ቤተሰቡን አስጠንቅቋል፣ ከቀናትና ከሳምንታት በኋላም መርሳት፣ የባህሪ ለውጥ፣ የመራመድ ችግር ሊመጣ ስለሚችል ተከታተሉት ብሎ። ለተወሰነ ጊዜ ስም ይጠፋበት ነበር፣ አሁን ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የአደጋ ሪፖርት ተጻፈ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "ሠራተኛው የመከላከያ መሣሪያ ባለመጠቀሙ (ቸልተኝነት)" ይላል። ምኑን ነው ያልተጠቀመው? 8 ሲሊንደር፣ መሙያ የለም፣ ሥራው ግን እስከ ጠዋት ይለቅ ተብሏል። ባዶ ሲሊንደር ተሸክሞ ይግባ? ከነእቃው 15 ኪሎ አካባቢ ነው ለትከሻው። ጋሼ በማግስቱ እቃ ግምጃ ቤት ሄደው የጋዝ መለኪያ አስወጡ፣ አለን ለካ፣ ለታንከር ጠራጊዎች ተብሎ የተገዛ፣ ካርቶኑ ውስጥ ተቆልፎበት የተቀመጠ። ማስክ አርገው እዛው ረድፍ መሀል ይዘውት ገቡ፣ ጭስ የሚባል የለም፣ ነጭ ጥጥ ብቻ ነው የሚታየው። አላርሙ 35 ፒፒኤም ላይ፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር ክፍል 35ቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን ነው የሚጀምረው፣ እሱ በር ላይ ገና ጮኸ፣ መሀል ሲደርሱ ከ280 በላይ አነበበ። ያውም አብዛኛው ቤል ከወጣ በኋላ። ያንን ቁጥር ፎቶ አንስተው ከሪፖርቱ ጋር አያያዙት፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማሳየት ግዴታ አለበት ይላል ብለው ከነወረቀቱ ይዘው ቢሮ ሄዱ። ሴፍቲ ኮሚቴው ተሰብስቦ "ቸልተኝነት" የሚለው ተሰረዘ። እኔ ለዚህ ነገር ይሄን ያህል የምጨነቀው፣ ቸልተኝነት ብለህ ከጻፍክ መፍትሄው ለልጁ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መስጠት ነው፣ አየር አለቀ ብለህ ከጻፍክ ግን የሆነ ሰው ብር ማውጣት አለበት።

ከዛ ወዲህ የሚጨስ ቤል መጋዘን ውስጥ አይከፈትም። በፎርክሊፍት ተጎትቶ ሜዳ ላይ ይወጣል፣ ንፋስ ባለበት ይዘነጠላል፣ ውሃው ላይ ትንሽ የዲሽ ሳሙና እንጨምራለን፣ ሳሙና ሲኖረው ውሃው ጥጡ ውስጥ ቶሎ ይሰርጋል፣ ልዩነቱን ራሳችሁ ሞክሩት። ፎርክሊፍቱም ዲዝል ስለሆነ ዝግ ቤት ውስጥ ሞተሩ እየሠራ እንዲቆም አይፈቀድለትም። መለኪያዋ ከካርቶን ወጥታ መጀመሪያ የሚገባው ሰው ደረት ላይ ነው የምትንጠለጠለው። ጾም ላይ ክርክር ነበር፣ ማንም ማንንም ግደፍ አይልም፣ ግን የጾመ ሰው ከውጭ ሆዝ ይይዛል እንጂ ቤል መሀል አይገባም። ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ደግሞ ምክንያቱን ማንም አይተነትንለትም፣ ይወጣል፣ በቃ።

ልብሱ ነገር ገና ነው። ከእሳት የወጣ ልብስ ጥቀርሻውን ይዞ ቁምሳጥን ይገባል፣ አንዳንዱ ቤት ወስዶ ሚስቱ ከልጅ ልብስ ጋር ታጥበዋለች። ጥቀርሻ የለበሰ ጃኬት እንደ ጀግና ማዕረግ የሚያይም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 እ.ኤ.አ. የእሳት አደጋ ሥራን ራሱን ካንሰር አምጪ ብሎ ትምባሆ ያለበት ምድብ ውስጥ ነው የከተተው፣ የፊኛ ካንሰር አንዱ ነው ከጠቀሷቸው። ቆዳ ሲሞቅና ሲያልበው ጥቀርሻው ላይ ያለውን ነገር የበለጠ ይመጥጣል። አሁን ቢያንስ እዛው ሜዳ ላይ በሳሙናና በብሩሽ እንታጠባለን፣ ፊትና አንገት ከምግብ በፊት፣ ልብሱ በማዳበሪያ ታስሮ ይመለሳል። ማጠቢያ ማሽን ጠይቀናል፣ "የእሳት አደጋ ልብስ ለማጠብ ማሽን?" ብለው ሳቁብን።

ኮምፕሬሰሩ ግዢ ክፍል ነው ተብለናል፣ ፕሮፎርማ እየተሰበሰበ ነው። እስከዛው ሲሊንደር ሁለት ሲቀር ጋሼ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ቤሉ እዛው ይጨስ።