የቆየ ጌጠኛ ጩቤ የየት አገር ሥራ ነው?

ጌጠኛ ጩቤ ሲታይ ዓይን የሚሮጠው ወደ ብሩና ወደ ቅርጻ ቅርጹ ነው። አገሩን ለመለየት ግን ጌጡን መጨረሻ ላይ ማየት ይሻላል፤ ጌጥ ይኮረጃል፣ ይነቀላል፣ በሌላም ይተካል። ስለቱን፣ እጀታውንና አፎቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ቆጥሮ እያንዳንዱን ለብቻው መመርመር ያስፈልጋል። ስለት ድሮም የንግድ ዕቃ ስለሆነ አንድ አገር ተቀጥቅጦ ሌላ አገር እጀታ የገባለት ብዙ ነው። በስለት ሥራ የታወቁትን የጀርመኗን ዞሊንገን ወይም የስፔኗን ቶሌዶ ስም የያዘ ጽሑፍም ወዲያው አይታመንም። ስማቸው ገበያ ስለሚስብ ሌሎች አንጥረኞች ሲኮርጁት ኖረዋል።

ከምርመራው በፊት ምንም ነገር አይወልወል። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሲድ የተጸዳ ስለት የብረቱን ንድፍና ቀጫጭኑን ጽሑፍ አብሮ ያጣል። ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት የማሽን ዘይት ይበቃል። ከዚያ የስለቱን ውፍረት ከእጀታው ሥር፣ ከመሃሉና ከጫፉ አጠገብ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) መለካት ነው። ተቀጥቅጦ የተሠራ ስለት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሦስቱም ቦታ እኩል ከሆነ ከላሜራ ተቆርጦ ለጎብኚ የተሠራ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። አፎቱ ውስጥ በትንሽ ባትሪ ማየትም አይዘለል። አብሮት የኖረ ስለት የእንጨቱን አፍ በራሱ ቅርጽ ልክ ይፍቀዋል፤ ፍቀቱ ከስለቱ ጠርዝ ጋር ካልገጠመ አንዱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ወደ ቅርጹ ስንመጣ፣ ጎበጥ ብሎ በሁለት ወገን የተሳለና መሃሉ ላይ ጉብ ያለ መስመር ያለው ስለት ወደ የመን ጃምቢያ ወይም ወደ ኦማን ኻንጃር ይመራል። በኦማኑ አፎት ላይ ቀጭን የብር ሽቦ ሥራና የቀበቶው ማያያዣ ቀለበቶች ጎልተው ይታያሉ። የሞሮኮው ኩሚያ እጀታው ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ጫፉ ይጎብጣል፤ የእጀታው ራስ እንደ ፒኮክ ጅራት ይዘረጋል፤ አፎቱ ግራና ቀኝ ለትከሻ ገመድ የሚሆኑ ሁለት ቀለበቶች አሉት። ቀጥ ያለ፣ በሁለት ወገን የተሳለና ቦይ የወጣለት ከሆነ የካውካሰስ ኪንጃል ሊሆን ይችላል። ብሩ ላይ 84 የሚል ማኅተም ካለ የሩሲያ ንጉሣዊ ዘመን መለኪያ ነው፤ ከ96 እጅ 84ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው፣ በሺህ ሲሰላ 875። የኢንዶኔዥያው ክሪስ ሥሩ ላይ በአንድ ወገን ሰፍቶ ይታያል፤ የኔፓሉ ኩክሪ ደግሞ እጀታው አጠገብ ስለቱ ላይ ተቆርጣ የወጣች ትንሽ ጎድጓዳ አለችው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። የማሪያ ተሬዛ ጠገራ ብር የተሰካበት ጩቤ የ1780 እ.ኤ.አ. ነው ተብሎ ይሸጣል። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ብትሞትም ሳንቲሙ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያንኑ ዓመት ይዞ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ጩቤው ከ1780 አይቀድምም ከማለት በቀር የሚነግረን የለም። በአረብኛ ቁጥር የተጻፈ ዓመት ከሆነ የሂጅራ (የእስልምና ዘመን አቆጣጠር) መሆኑ አይቀርም፦ በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር ነው። 1312 ከሆነ ወደ 1894 ወይም 1895 እ.ኤ.አ. ይመጣል። የአረቡ 5 ክብ ስለሆነ ዜሮ ይመስላል፣ 6ቱ ደግሞ 7 ይመስላል፤ የፋርሱ 4፣ 5 እና 6 ከአረቡ ስለሚለዩ እነሱ ከተገኙ ወደ ኢራንና አካባቢዋ ማየት ያስፈልጋል።

ዕድሜውን የሚወስነው ከሁሉም አዲሱ ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ የአገር ስም የታተመበት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ1891 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ አሜሪካ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር እንዲጻፍ ያስገደደችው ያኔ ነው። የመስቀል ራስ ያለው ብሎን ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት አይጠበቅም። ብሎኑ ግን የጥገና ሊሆን ስለሚችል ዙሪያው ያለውን ዝገትና የድሮ ቀዳዳ ማየት ነው።

እጀታው ነጭ ከሆነ በጋለ መርፌ መሞከር ዕቃውን ማበላሸት ነው። በአጉሊ መነጽር የተቆረጠውን ጫፍ ይመልከቱ፦ የዝሆን ጥርስ ላይ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቅስት መስመሮች፣ አጥንት ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ፕላስቲክ ላይ የተቀዳበት ቅርጽ ማውጫ የተጋጠመበት መስመር ይታያል። የዝሆን ጥርስ ወይም የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ድንበር ከማሻገር በፊት የሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ይጠየቃል።

ውጤቱ በአንድ ቃል አይጻፍ። «ስለቱ የካውካሰስ፣ አፎቱ ኋላ የተሠራለት፣ እጀታው የተጠገነ» ብሎ ከየማስረጃው ፎቶ ጋር መመዝገብ ነው፤ ፎቶው ላይ ማስመሪያ ይታይ።