ያልተደፈነው ቱቦ

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ክረምት ላይ የበረዶ መንሸራተቻ በሚሆን አንድ ተራራ በመንገድ ጥገና ሥራ በተቀጠርሁበት የመጀመሪያው በጋ፣ ፎርማናችን ከመንገዱ ሥር የሚያልፉትን ቱቦዎች በሙሉ እንድጠርግ አዘዘኝ። አንዱን ጎንበስ ብዬ ባየው ከአፉ እስከ ውስጡ ድንጋይ ታጭቆበታል። ጎርፍ ያመጣው መስሎኝ በድጅኖ እየፈነቀልሁ ወደ ሃያ የሚሆኑ ድንጋዮችን ካወጣሁ በኋላ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ እጇን እያወዛወዘች ከላይ ስትሮጥ ደረሰች።

ድንጋዩ ሆን ተብሎ የተሞላ ነበር። ማውንቴን ፒግሚ ፖሰም የሚባል፣ ክብደቱ 45 ግራም ገደማ የሆነ፣ ልጆቹን እንደ ካንጋሮ በሆዱ ኪስ የሚያሳድግ እንስሳ መተላለፊያ ነው። (ሥዕሉን ስታሳየኝ «አይጥ ነው» ብያት ቅር ተሰኝታለች።) ይህ እንስሳ በቅሪተ አካል ብቻ ይታወቅ ነበር፤ በሕይወት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 በሆታም ተራራ በሚገኝ የበረዶ ተንሸራታቾች ማረፊያ ቤት ውስጥ ነው። የሚኖረው በቋጥኝ ክምር ውስጥ ሲሆን፣ በበጋ በድንጋዮቹ መካከል የሚጠለሉትን ቦጎንግ የተባሉ የእሳት እራቶች ይመገባል፤ በክረምት ደግሞ በረዶ በለበሰው ክምር ሥር እስከ ሰባት ወር ይተኛል። ሴቶቹ ምግብ በሞላበት በላይኛው ክምር ይቀመጣሉ፤ ወንዶቹ ግን ከመራቢያው ወቅት በኋላ ወደ ታች መውረድ አለባቸው። በሂጊንቦታም ተራራ መንገድና ግንባታ ክምሩን ሲከፍለው፣ ወንዶቹ መውረጃ አጥተው ከሴቶቹ ጋር ስለተጨናነቁ ክረምቱን የሚሻገሩት ሴቶች ቁጥር አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመንገዱ ሥር በድንጋይ የተሞላ መተላለፊያ ሲሠራላቸው ወንዶቹ መውረድ ጀመሩ፤ የሴቶቹም ክረምት የመሻገር ዕድል ተሻሻለ። መተላለፊያው «የፍቅር ዋሻ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ድንጋዩን መልሼ ስደረድር ሌላ ስሕተት ሠራሁ። አባቴ የእርከን ካብ ሲያስተምረኝ «እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለው ካብ አይባልም» ይለኝ ስለነበር፣ ትልልቁን አጋጥሜ የቀረውን ክፍተት በጠጠር ጠቀጠቅሁት። በሥራዬ ረክቼ ስጠራት ባለሙያዋ ራሷን ይዛ ሳቀች። ከዚያም ጥቂት ጠጠር ራሷ አውጥታ እጄን እንዳስገባ ነገረችኝ፤ ውጭው በፀሐይ ግሎ ሳለ ውስጡ ይቀዘቅዝ ነበር። እንስሳው የሚፈልገው ይህንኑ ቀዳዳ ነው።

የቀረውን ቀን ጠጠር ስለቅም ዋልሁ። ማታ መኪናው ውስጥ ፎርማኑ የሥራ ዝርዝሩን አውጥቶ በዚያ ቱቦ ትይዩ «አይጠረግም» ብሎ ጻፈበት። ጠዋት ጽፎት ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብሁ፤ ለነገሩ እኔም አልጠየቅሁትም ነበር።