ቦራና የጭድ ክምሩ፦ የውሻን የፍለጋ ፍላጎት ሳይቀዘቅዝ ማቆየት

ከጤፍ ውቂያ ወዲህ ከውሻዬ ከቦራ ጋር የያዝነው የማሽተት ጨዋታ ምን ላይ እንደ ደረሰ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አፍንጫዋ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ፍላጎቷ ግን እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ይላል። የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ ፍላጎቷ ነው። ማሽተትን ውሻ ከእናቱ ሆድ ይዞት ይወጣል፤ ማንም አያስተምረውም። ከባዱ ሥራ ፍለጋውን ወድዶ እንዲቀጥል ማድረጉ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በጥቂቱ ላስረዳ። በውጭ አገር ባርን ሀንት ይባላል፤ በአሜሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. የራሱ ማኅበርና ደንብ ተበጅቶለታል። አይጥ አየር በሚያስገባ ጠንካራ ቱቦ ውስጥ ሆና በታሰረ ጭድ መካከል ትደበቃለች፤ ውሻው አሽትቶ ያለችበትን ያሳያል። ቱቦው ስለሚከላከልላት አይጧን አይነካትም። በጀማሪዎች ደረጃ ውሻው ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ አንዱ ቱቦ አይጥ፣ ሌላው አይጥ የተኛችበት ጭድ ብቻ፣ ሦስተኛው ምንም የለበትም። በዚያው ጊዜ ውስጥ በጭድ በተሠራ ዋሻ ማለፍና ጭዱ ላይ መውጣት አለበት። በከፍተኛው ደረጃ አይጦቹ ከአንድ እስከ አምስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስንት እንደሆኑ ለባለውሻው አይነገረውም፤ «ከዚህ በኋላ የለም» ብሎ መወሰን የእሱና የውሻው ፈንታ ነው።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከጎዛምን ገበሬዎች ማሳ በአጥር ብቻ ተለይቼ ነው። ከኅዳር ጀምሮ በየአውድማው ዳር የጤፍ ጭድ ስለሚከመር ሜዳ ፍለጋ አልደክምም። «ለምን ጥንቸልና ጅግራ እንድታሳድድ አትለቃትም?» ላላችሁኝ፣ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያም በላይ ጥንቸል አይታ የሮጠች ውሻ በዓይኗ እንጂ በአፍንጫዋ አልሠራችም። እኔ የምፈልገው አፍንጫዋን ነው።

የእኛ ጨዋታ ግን ከውጭው አንድ ልዩነት አለው፤ በሕይወት ያለች አይጥ አንጠቀምም። እነሱ የሚጠቀሙት ሰው የለመዱና በቤት ተወልደው ያደጉ አይጦችን ነው። ከጎተራ የተያዘች አይጥ ግን ቱቦ ውስጥ ስትገባ በድንጋጤ ትሰቃያለች። ስለዚህ ንጹሕ ጭድ ቀዳዳ ባለው ሣጥን አድርጌ አይጥ በሚመላለስበት ጎተራ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ጠረኑን ሲይዝ በጓንት አውጥቼ ቱቦ ውስጥ እከተዋለሁ። ጓንቱ ለይስሙላ አይደለም፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በአይጥ ሽንት ይተላለፋል። በሁለተኛው ቱቦ ዶሮ የታቀፈችበት ጭድ፣ በሦስተኛው ንጹሕ ጭድ ይገባል። በውጭው ደንብ አይጥ የተኛችበት ጭድ ማሳሳቻ ነው፤ ለእኛ ግን ዋናው ተፈላጊ ሆኗል። እውነተኛ ውድድር ላይ የመቅረብ ሐሳብ ያለው ሰው በእኔ መንገድ ባይጀምር ይሻለዋል፤ ኋላ ለማስረሳት ብዙ ይደክማል።

ቦራ የአገር ውሻ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ግንባሯ ላይ ካለው ነጭ ነው። የጀርመን ውሻ ካልሆነ ለሥልጠና አይሆንም የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም። የእኛ ውሾች አፍንጫ አይጎድላቸውም። የሚለዩት ሰውን ለማስደሰት ብለው አለመሥራታቸው ነው። ጥቅሙን ካላየችው ቦራ ጥላኝ ሄዳ ጥላ ሥር ትተኛለች፤ አታፍርም፣ አትለማመጥም። ይህን ጠባይዋን ወድጄዋለሁ፤ ፍለጋው እንደሰለቻት በግልጽ ታሳያለችና።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ቀላል ነበር። ቱቦዎቹን ሳልደብቅ መሬት ላይ ደርድሬ፣ የአይጥ ጠረን ያለበትን ስታሸት እዚያው እሸልማታለሁ። ቀጥሎ ግማሹን ጭድ አለበስሁት፤ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ቀበርሁት። ስታገኝ በፊት እግሯ መጫር፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ቱቦው ላይ መድረቅ ጀመረች። ለገና በዓል የመጡ ዘመዶቼ ሲያዩአት ተገረሙ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ከቤቴ ጀርባ ያለውን ክምር ሁለት ጊዜ አሽትታ ትተወዋለች፤ ሣር ትበላለች፣ ታካለች፣ ቀና ብላ ታየኛለች። የአውድማው ባለቤት ጎረቤቴ ወዲያው ፈረዱ፤ «አንተ ልጅ፣ ውሻ የሚሠራው ሲርበው ነው፤ አጓቱን ቀንስባት።» «አያ፣ ጠግባ ቢሆንማ ሣር ባልበላች ነበር» ብላቸው አልተዋጠላቸውም። እኔን ያጠራጠረኝ ሌላ ነገር ነበር። ያችው ውሻ በዚያው ሰሞን ወደ ቢቸና ስወስዳት፣ አማቶቼ ግቢ ያለውን ክምር እንደ ጥንቱ በጉጉት ፈተሸችው። ጥጋብ ወይም ድካም ቢሆን ኖሮ ቢቸናም ይከተላት ነበር።

ሁለቱን ክምሮች የሚለያያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቤቴ ጀርባ ያለውን ሆን ብዬ ለባዶ ፍለጋ መድቤው ነበር፤ በሐሰት መጫር አለመጫሯን ለማየት ንጹሕ ቱቦ ብቻ እቀብርበታለሁ። እስራኤላውያኑ ተመራማሪዎች ጋዚት፣ ጎልድብላትና ተርከል በ2005 እ.ኤ.አ. ፈንጂ አሽታች ውሾች ላይ ያሳተሙት ጥናት ልክ ይህንን ይገልጻል። ውሾቹ አንዱን መንገድ ሁልጊዜ ፈንጂ ሲያገኙበት፣ ሌላውን ምንም ሳያገኙበት ደጋግመው ፈተሹ። ባዶው መንገድ ላይ የመፈለግ ፍላጎታቸው ቀነሰ፤ የከፋው ደግሞ ኋላ ፈንጂ ቢቀመጥበት እንኳ እዚያ መንገድ ላይ የማግኘት ብቃታቸው ዝቅ እንዳለ ቀረ። በሌላው መንገድ ግን ያው ውሻ ያው ነው። ውሻ «ይህ ሥራ አያዋጣም» ብሎ አይደመድምም ማለት ነው፤ «ይህ ቦታ አያዋጣም» ይላል እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የክምሩን ስም ማደስ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ፍለጋ ሁሉ በማግኘት እንዲያልቅ አደረግሁ፤ ቱቦው ቅርብ፣ ጊዜው አጭር፣ ሽልማቱ ከሌላው ቦታ የላቀ። ፍላጎቷ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ድረስ ወደዚያ ክምር ስትሄድ እንደ ሌላው አትሮጥም። ባዶ ፍለጋ ፈጽሞ አይደረግ እያልሁ አይደለም፤ ውሻ «የለም»ንም መማር አለበት። አሁን ግን ባዶውን ቦታ በየጊዜው እቀያይራለሁ፣ ከፊቱም ከኋላውም የሚገኝ ነገር አደርግላታለሁ። የፍለጋው ማብቂያ ባዶ ክምር እንዲሆን አልፈቅድም።

ወደ ሽልማቱ ልምጣ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን አባቶች የተናገሩት ስለ ውለታ ነው፤ እኔ ለሥልጠና ወስጄዋለሁ። ብዙ ሰው ውሻው ሲያገኝ «ና!» ብሎ ጠርቶ ከእጁ ያበላዋል። እንዲህ ከሆነ የሚወደደው እጁ ነው፤ ውሻውም ፍለጋውን ትቶ ኪስ ኪሱን ማየት ይጀምራል። እኔ ወደ ቱቦው ሄጄ ምግቡን ቱቦው ላይ አኖርላታለሁ። አንዳንዴ ደግሞ በምግብ ፋንታ በጠፍር የታሰረ ቁራጭ አጎዛ አወጣና እጎትትላታለሁ፤ እያናወጠች ትታገለኛለች። አይጧን መያዝ ስለማይፈቀድላት አንድ የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል፤ ከትግሉ በኋላ ያለው ፍለጋዋ ከምግቡ በኋላ ካለው እንደሚፈጥን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ምግቡ ራሱ በጎጃም ወቅት አለው። በሁዳዴ 55ቱን ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ውሻ ይጾም የሚል ሕግ ባይኖርም ሥጋ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ቅበላ ሳያልፍ የበሬ ሳንባ ገዝቼ፣ ቀቅዬ፣ በትናንሹ ቆርጬ በደንብ አደረቅሁት። እጅ አያቆሽሽም፣ ቀላል ነው፣ ጠረኑም አይጠፋም። ቋንጣ ስጣት ያላችሁኝ አላችሁ፤ ጨውና በርበሬው ይቅርባት፤ ሽንኩርት የነካው ከሆነማ የውሻን ቀይ የደም ሴል ስለሚጎዳ ጨርሶ አይሰጥም። ሳንባው ሲያልቅ የተቀቀለ እንቁላል ሞከርሁ፤ በላችው፤ ግን አልጓጓችለትም።

ስለ ሙቀትና ስለ ትንፋሽ ደግሞ ደጀን ላላችሁትና ወደ አባይ በረሃ ለምትወርዱት ላስምርበት። ውሻ ሲያሸት አየሩን በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል በአጭር በአጭሩ ይስባል፤ የሚያስወጣው ትንፋሽ በአፍንጫው ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች ወደ ኋላ ስለሚወጣ ከፊቱ ያለውን ጠረን አይበትንበትም። ሲያለከልክ ግን አየሩ ሥራ የሚበዛበት ለማቀዝቀዝ ነው፤ ማለክለክና አጥርቶ ማሽተት አብረው አይሄዱም። ከላይ ከጠቀስኋቸው ተመራማሪዎች ሁለቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ውሾች ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ማለክለካቸው ሲጨምር ፈንጂ የማግኘት ችሎታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ስለዚህ ከፍለጋ በፊት «ኃይሏ ይውጣ» ብሎ ማስሮጥ ለእኔ ትርጉም የለውም። አፏ ተከፍቶ ምላሷ ከወጣ ፍለጋው ይቆማል፤ ውኃ ጠጥታ አፏን እስክትዘጋ እጠብቃለሁ። ይህ ለብዙዎቻችሁ ስንፍና ሊመስል ይችላል።

የምንሠራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጤዛው ጠረኑን ይዞ ያቆየዋል። በተዳፋት ላይ ላላችሁ አንድ ነገር፦ ፀሐይ ሳታሞቀው ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ስለሚፈስ ጠረኑም አብሮት ይወርዳል፤ ስለዚህ በማለዳ ውሻውን ከታች በኩል አስነሡት። ረፋዱ ላይ ተዳፋቱ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ከላይ በኩል መጀመር ይሻላል።

ትኩረቷን የሚበትነው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ በሬውም ዶሮውም ልጆቹም አይደሉም፤ ከእነሱ ጋር አድጋለች። ትልቁ ብጥብጥ እኔ ራሴ ነኝ፤ ቱቦው ያለበትን የማውቅ ከሆነ እዚያ አጠገብ እግሬ ይዘገያል፣ ትከሻዬ ይዞራል፣ እሷም ክምሩን ትታ እኔን ታነባለች። በ2011 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራ ጥናት 18 አሽታች ውሾችን ከነአሠልጣኞቻቸው ምንም ጠረን ወዳልተደበቀበት ሕንፃ አስገባ፤ አንዳንድ ክፍሎች ውስጥ ቀይ ወረቀት ተለጥፎ አሠልጣኞቹ ጠረኑ እዚያ እንዳለ ተነግሯቸው ነበር። «ውሻው አግኝቷል» የተባለው ብዙ ጊዜ ነው፤ ያውም በተለይ ቀዩ ወረቀት ባለበት ቦታ። ስለዚህ አሁን የምትደብቀው የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ናት፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። ደንቡን ከእኔ ይልቅ እሷ ታስከብራለች፤ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ! ይነግሯታል!» ትለኛለች።

ሌላው ለትኩረት የረዳን መግቢያው ነው። ለፍለጋ ብቻ የማስርላት ሰፊ የአንገት ማሰሪያ አለ፤ ሲታሰርላት ጨዋታው ተጀመረ፣ ሲፈታ አለቀ። ከዚያ ውጭ ጭድ ብትፈትሽ አልሸልማትም፣ አልከለክላትምም። አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ፍለጋ ከሆነላት ገና ስትጓጓ እፈታዋለሁ። ሦስተኛውን እንድጨምር የሚገፋፋኝ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ትርኢቱ ለተመልካቹ ያልቅበታል እንጂ ለእሷ ለነገ የተረፈው ይበልጣል።

አሁን ወደ ግንቦት እየገባን ነው። ከሰው ክምር ላይ ለመሥራት ስንጠይቅ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው የአይጥ መርዝ ተቀምጦበት እንደሆነ ነው፤ በየጎተራው የሚበተነው ዚንክ ፎስፋይድ ውሻንም ይገድላል፣ መርዝ የበላችውን የሞተች አይጥ መዋጥም እንዲሁ አደገኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ያልወሰደ ውሻ ልጆች ባሉበት አውድማ አይምጣ። ክረምት ሲገባ ክምሩ ከውጭ ይረጥባል፣ ከውስጥ ይሻግታል፤ የሻገተ ጭድ ለእሷም ለእኔም ሳንባ ስለማይበጅ ጨዋታውን ወደ ቤት አስገብቼ በካርቶንና በከረጢት መካከል እንቀጥላለን።

ቱቦውን ለመሥራት ለጠየቃችሁ፦ ለፍሳሽ የሚሸጠው ወፍራሙ የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል፤ ክንድ በማይሞላ ርዝመት ቁረጡት፣ ዙሪያውን ጥርስ በማያስገባ ቀዳዳ ብሱት፣ ሁለቱንም ጫፍ በክዳኑ ዝጉ። ሲታጠብ ሽታ ያለው ሳሙናም በረኪናም አይንካው፤ የፈላ ውኃና ፀሐይ ይበቁታል። የአይጥ ጠረን የነካውን ቱቦ ከንጹሑ ጋር በአንድ ከረጢት አትያዙ፤ ጓንቱንም ለየብቻ አድርጉ።