የማወልቀው ጫማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት ልጽፍ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ትቼዋለሁ። ምስክርነት ሲባል ሰው የሚጠብቀው «ተነሥቶ ዘለለ» የሚለውን ነው፤ የእኔ እግር ግን ዛሬም እንደ ሌላው ሰው እግር አይደለም። ባለፈው ሰሞን አንድ የቆሎ ተማሪ ደጄ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ ይዤ ወጣሁና ዓይኔ እግሩ ላይ አረፈ። ካሁን በኋላ ዝም ማለት ኃጢአት መሰለኝ።

የተወለድኩት ደጋ ዳሞት ነው። በ1996 ዓ.ም.፣ በ13 ዓመቴ፣ ደበሎዬን ለብሼ አኮፋዳዬን አንግቼ ቅኔ ልማር ወደ ደብረ ኤልያስ ወረድኩ። ከጎጇችን ልጆች አንድም ጫማ ያለው አልነበረም። አፈሩ ቀይ ነው፤ ክረምት እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ በጋ ደግሞ አቧራው በጣት መሀል ይገባል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ማታ ማታ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኝ ጀመር። ከዚያ ጣቶቼ አበጡ፤ ቆዳዬ ጠጠረና እየተሰነጠቀ ውኃ አወጣ። በየጊዜው ብሽሽቴ ያብጥና በትኩሳትና በብርድ ያንዘፈዝፈኛል፤ እንዲያ ሲነሣብኝ ሦስት ቀን ከመደቡ አልወርድም።

ምች ነው ያለ ዳማከሴ አሸልኝ። እባብ የሞተበት ረግጦ ነው ያለም አለ። መተት ነው ያለው አንድ ጓደኛችን ነበር፤ የአብነት ትምህርት ቤት የኖረ ያውቃል፣ እኛ ዘንድ ቅኔ የከበደው ሁሉ ተመተተብኝ ነው የሚለው። ያ አላስከፋኝም። የጎዳኝ «ዘራቸው ነው» የሚለው ወሬ ነው፤ እኅቴን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች እሱን ሰምተው ተመለሱ።

ከሁሉ የሚብሰው ሽታው ነበር። ቅዳሴ የማስቀድሰው ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ቆሜ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ እኔ ከጎጆዬ አልወጣም።

በ2004 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ በዱላ እየተደገፍኩ፣ ዓባይ ከሚፈልቅበት ከግሽ ዓባይ ጸበል ሄድኩና ሁለት ሱባኤ ያዝኩ። ሌሊት በጧፍ መጽሐፈ ኢዮብን አነባለሁ። ኢዮብ የሚቤዠኝ ሕያው እንደ ሆነ አውቃለሁ ያለው ከተሻለው በኋላ አይደለም፤ ሥጋውን በገል እየፋቀ፣ አመድ ላይ ተቀምጦ ነው። ቀጥሎም «ይህም ቁርበቴ ከጠፋ በኋላ» ይላል። ቁርበቴ! የራሴን ቁርበት እያየሁ ያችን ቃል ስደጋግም አደርኩ። ጸሎቴ የሚያምር አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ ወይ አድነኝ ወይ ውሰደኝ» ነው ያልኩት። እመቤቴንም ልጅ እናቱ ላይ እንደሚነጫነጭ ተነጫነጭኩባት።

በ11ኛው ቀን ተጠምቄ ወጥቼ እግሬን በነጠላ ስሸፋፍን አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን ትሸፍነዋለህ ልጄ፣ አውቀዋለሁ» አሉና ቀሚሳቸውን እስከ ባታቸው ሰበሰቡ። ቆዳቸው ቅልጥማቸው ላይ እንደ ባዶ ስልቻ ተጨማዶ ነበር። «ይህ ሞልቶ ነበር፣ እንዳንተው። ደብረ ማርቆስ ሂድ፣ ያጥቡልሃል።»

ያጥቡልሃል! አምስት ዓመት ያለቀስኩት ለሳሙና ነው? በዚሁ ንዴት ተመልሼ ለየኔታ ነገርኳቸው። የኔታ ቅኔ እንደሚነጥቁ ሆነው ጠየቁኝ።

«ጌታ የዕውሩን ዓይን ምን ቀባው?»

«ጭቃ።»

«ከዚያስ?»

«በሰሊሆም ታጠብ አለው።»

«ዓይኑ የበራው ሲቀባ ነው ሲታጠብ?»

«ሲታጠብ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ያንተ ጭቃው ተቀብቷል፤ ምን ትጠብቃለህ?»

የካቲት ላይ፣ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ደብረ ማርቆስ ያለ ክሊኒክ ገባሁ። ነርሷ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞላች፣ በረኪና ጠብ ጠብ አደረገችበት፣ እግሬን አስነክራ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀመጠችኝ። ከዚያ ተንበርክካ በጣቶቼ መሀል፣ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ በሳሙና ታጥበኝ ጀመር። አፍንጫዋን አልያዘችም። ውኃው ቀይ ሆነ። ስምንት ዓመት የረገጥኩት መሬት ከእግሬ ወጥቶ ሳፋው ሥር ዘቀጠ። እኔ ጸሎተ ሐሙስን እያሰብኩ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ፤ እሷ ያመመኝ መስሏት «ቀስ ልበል?» አለችኝ።

በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን እግርንና አቧራን ያጣመረ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ አልፎ ይገባና የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ያቆስላል፣ ይዘጋል። ይህን አጥንቶ ያስረዳው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ እዚሁ አገራችን ሲሠራ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤት የሚደጋገመው ሰውነታቸው ያንን አፈር የማይችል ሰዎች ስላሉ ነው፤ እነሱም ከልጅነታቸው ጫማ ካደረጉ አይታመሙም። ደቀ መዛሙርቱ «ኃጢአት የሠራ ማን ነው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼው፣ ስለ እኔም መሆኑ አልገባኝም ነበር።

ሽታው በሁለት ሳምንት ጠፋ። እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልሄደም፣ እስክሞት መታጠብ አለብኝ። ማታ ማታ ታጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ ቫዝሊን ተቀብቼ እግሬን ከፍ አድርጌ እተኛለሁ። ድነሃል ወይስ አልዳንክም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ እኔ ድኛለሁ ነው የምለው። ደጄ የመጣው ተማሪ ደግሞ እኔው ዘንድ ነው፤ አሁን ማታ ሁለት ሳፋ እናወጣለን።

ጫማው በልኬ ተሰፋልኝ፤ ሰፊው ሁለት ጊዜ ለካኝ። በግንቦት ልደታ አድርጌው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከጥዱ ሥር አልቆምኩም፤ እስከ በሩ ደረስኩ። ሰው ሁሉ ጫማውን ሲያወልቅ እኔም ጎንበስ ብዬ አወለቅኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የማወልቀው ኖሮኝ አያውቅም። በካልሲ ገባሁ። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ቅዳሴውን በደንብ አልሰማሁም፤ ከበር ላይ ጫማ የሚያነሣ አይጠፋምና ልቤ በሩን በሩን ይል ነበር፣ ያን የሚያክል ጫማ ማን እንደሚሰርቀው እንጃ። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ቀድሜ ወጣሁ። ቦታው ላይ ነበረ።